ማዕድን ከመቆፈሩ በፊት ስለ ውሃችን ምን እንጠይቅ? ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በአንድ አካባቢ ማዕድን ሊወጣ ነው ሲባል ቀድሞ የሚወራው ስለ ሥራ ነው። ስንት ሰው ይቀጠራል? መንገድ ይሠራል ወይ? መብራት ይገባል ወይ? የውሃው ነገር የሚነሳው ዘግይቶ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሳው አንዷ እናት የጉድጓዱ ገመድ ውሃው ድረስ አልደርስ ያላት ቀን ነው። ያኔ ደግሞ ብዙ ነገር አልፏል። እዚህ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች ከዚያ ቀን በፊት፣ ገና ፈቃድ ሳይሰጥ መጠየቅ ያለባቸው ናቸው።

ማዕድን ማውጣት ውሃን የሚነካው በምን በኩል ነው?

በሁለት በኩል ነው፤ በመጠኑና በጥራቱ።

ከመጠኑ እንጀምር። የማዕድን ጉድጓድ ከከርሰ ምድር ውሃ በታች ሲወርድ ውሃው ከየአቅጣጫው ወደ ውስጥ ይገባል። ውሃ ውስጥ ቆሞ መቆፈር ስለማይቻል ፓምፕ ሌት ተቀን ይሠራል። ያ የሚወጣው ውሃ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በዙሪያው ካለው አለትና አሸዋ የተሳበ ነው። የእናንተ ጉድጓድም የሚጠጣው ከዚያው ነው። በዚያ ላይ ማዕድኑን ለመፍጨት፣ ለማጠብና አቧራ ለማብረድ ተጨማሪ ውሃ ያስፈልጋል።

ጥራቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ለሚሊዮን ዓመታት ከአየር ተዘግቶ የኖረ አለት ወጥቶ ይፈጫል፣ ይከመራል፣ ዝናብ ይመታዋል። በውስጡ ተቆልፎ የነበረው ብረት፣ ሰልፈር፣ አርሰኒክ የሚባለው መርዛማ ንጥረ ነገር መሟሟት ይጀምራል። ፈንጂውም የራሱ ጣጣ አለው። በማዕድን ሥራ ላይ የሚውለው ፈንጂ በአብዛኛው ከአሞኒየም ናይትሬት የሚሠራ ነው፤ ሳይፈነዳ የቀረውና ሲጫን የፈሰሰው በዝናብ ታጥቦ የውሃውን ናይትሬት ከፍ ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ይህ ልክ የወጣው በተለይ በጡጦ ወተት ለሚያድጉ ሕፃናት ታስቦ ነው።

ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት አይቻልም። ወንዙ ውሃው ሲቀንስ ብክለት የማቅጠን አቅሙም አብሮ ይቀንሳል። ማዕድኑ በውሃው ላይ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ አስቀድሞ የሚመረምረው ግምገማ መጠኑን በአንድ ምዕራፍ፣ ጥራቱን በሌላ ምዕራፍ አስቀምጦ ካላገናኛቸው አንድ ነገር ጎድሎታል።

ቁፋሮው ከመንደራችን 3 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ጉድጓዳችን ይነካል?

ርቀቱ ብቻውን መልስ አይሆንም። መልሱ ያለው አለቱ ውስጥ ነው።

ፓምፕ ሲሠራ የውሃው ልክ ከማዕድኑ አጠገብ በብዙ፣ ራቅ ሲል በትንሹ ይወርዳል። ከጎን ቢታይ ተገልብጦ የተዘረጋ ጃንጥላ ይመስላል። መሬቱ የታመቀ ሸክላ ከሆነ ጃንጥላው ጠባብ ነው። ጠጠርና አሸዋ ወይም ስንጥቅጥቅ ያለ አለት ከሆነ ግን ኪሎ ሜትሮችን ሊሸፍን ይችላል። ዋሻ ባለው የኖራ ድንጋይ ውስጥ ውሃ በአንድ ቀን ኪሎ ሜትሮች ሊጓዝ ይችላል፤ በታመቀ ሸክላ ውስጥ ደግሞ በዓመት ሴንቲሜትሮች ቢሄድ ነው። ትልልቅ የመሬት ስንጥቆች ደግሞ አንዳንዴ እንደ ቧንቧ ያስተላልፋሉ፣ አንዳንዴ እንደ ግድግዳ ይከላሉ። ሳይፈተኑ የትኛው እንደሆኑ መናገር አይቻልም።

ፈተናውም የታወቀ ነው። አንድ ጉድጓድ ላይ ፓምፕ ይገጠምና በማይለዋወጥ መጠን ለ1 ቀን፣ ብዙ ጊዜም እስከ 3 ቀን ሳያቋርጥ ይሳባል። በዚያ ጊዜ በዙሪያው ያሉ ሌሎች ጉድጓዶች ስንት እንደወረዱ ይለካል። ፓምፑ ከቆመ በኋላ ውሃው በምን ፍጥነት እንደተመለሰም ይመዘገባል። የግምገማው ሪፖርት ውስጥ ይህ ፈተና ከሌለ፣ ወይም የተሠራው በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ፣ ስለ ርቀት የተጻፈው ሁሉ ግምት ነው።

እንግዲህ ኩባንያውን «ይነካናል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «አይነካም» ነው የሚሆነው። «ውሃው 1 ሜትር የሚወርድበት ጠርዝ በ5ኛው ዓመት የት ነው? በ15ኛውስ? ካርታ ላይ አሳዩን» በሉ። 1 ሜትር ትንሽ ይመስላል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ግን በበጋ ያለው ውሃ ብዙ ጊዜ ከ2 ሜትር አይበልጥም። 1 ሜትር ወረደ ማለት ግማሹ ሄደ ማለት ነው።

ምንጫችንስ ሊደርቅ ይችላል?

ከሁሉም ቀድሞ የሚጎዳው ምንጭ ነው። ምንጭ ማለት የከርሰ ምድር ውሃ ከመሬቱ ገጽ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ስለዚህ ውሃው ግማሽ ሜትር ዝቅ ቢል እንኳ መገናኘቱ ሊቀር ይችላል። ጉድጓድ ሲጎድል ጠለቅ ተደርጎ ይቆፈራል። ምንጭን ግን ወደ ታች ማውረድ አይቻልም።

ወንዝም በበጋ የሚኖረው በዚሁ ውሃ ነው። ዝናብ ከጠፋ ከ2 እና ከ3 ወር በኋላ ወንዝ ውስጥ የምታዩት ውሃ ከመሬት ስር ቀስ እያለ የሚወጣ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሪፖርቶች ይስታሉ። «የወንዙ ዓመታዊ አማካይ ፍሰት የሚቀንሰው በ4 በመቶ ብቻ ነው» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ዓመታዊ አማካዩን የሚሞላው ግን የክረምቱ ጎርፍ ነው። የዓመታዊው አማካይ 4 በመቶ የሆነችው ያችው ውሃ ከበጋው ፍሰት ላይ ብትነሳ ወንዙን ልታደርቀው ትችላለች። ሁልጊዜ በዓመቱ ደረቅ ወር ያለውን ፍሰት ለይታችሁ ጠይቁ።

በሌላ በኩል ሁሉም ምንጭ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ምንጭ ሸክላ ላይ ካረፈ ትንሽ የላይኛው ውሃ የሚመጣ ነው፤ ከስር ማዕድን ቢቆፈር ላይሰማው ይችላል። የውሃው ኬሚካላዊ ይዘትና እንደ ትሪቲየም ያሉ አይሶቶፖች (የአንድ ንጥረ ነገር የተለያየ ክብደት ያላቸው ዓይነቶች) ውሃው ከየት እንደመጣና መሬት ስር ምን ያህል እንደቆየ ይጠቁማሉ። ምርመራው ከአንድ ጉድጓድ ቁፋሮ አንጻር ውድ የሚባል አይደለም። አንድ መንደር የሚጠጣበት ምንጭ ካለ መደረግ አለበት ባይ ነኝ።

ግምገማው መጀመር ያለበት መቼ ነው?

ከማንኛውም ቁፋሮ በፊት። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙልኝ።

«መነሻ መረጃ» የሚባል ነገር አለ። ማዕድኑ ከመጀመሩ በፊት ውሃው ምን ያህል ነበር፣ ምን ነበረበት የሚለውን የሚያሳይ መዝገብ ነው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ክረምትና በጋን ያካተተ መሆን አለበት። 2 ዓመት ቢሆን የተሻለ ነው፤ አንዱ ዓመት ድርቅ፣ ሌላው ጥጋብ ሊሆን ይችላላ። በአንድ ጉብኝት 10 ጠርሙስ ውሃ ተቀድቶ «መነሻ መረጃ ተሰብስቧል» ከተባለ አልተሰበሰበም።

ለምን ይህን ያህል አጥብቄ ያዝኩት? ማዕድን የሚገኝበት መሬት ተፈጥሮው ራሱ ማዕድናም ነው። ቁፋሮ ሳይጀመርም አርሰኒክ ወይም ብረት ከፍ ብሎ የሚገኝበት ውሃ አለ። ከ10 ዓመት በኋላ የጉድጓዳችሁ ውሃ ተመርምሮ አርሰኒክ ቢገኝበት ኩባንያው «ድሮም ነበር» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። የበፊቱ ቁጥር ከሌለ እናንተም እሱም የምታረጋግጡበት የለም። ያኔ መጮህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

መነሻ መረጃው የኩባንያውን የመመርመሪያ ጉድጓዶች ብቻ ሳይሆን ሰው የሚጠጣባቸውን ጉድጓዶችና ምንጮች አንድ በአንድ ማካተት አለበት። የማን እንደሆነ፣ ጥልቀቱ፣ በበጋ ስንት ሜትር ውሃ እንደሚይዝ፣ ስንት ቤተሰብና ስንት ከብት እንደሚጠጣበት። እኔ አንድ ሪፖርት ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምገልጠው ይህን ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ ከሌለ የሰዉ ውሃ ገና አልታየም።

ናሙና ሲወሰድ ቆሜ ባይ ምን ልብ ልበል?

ጥሩ ባለሙያ ጉድጓድ ጋ ደርሶ ወዲያው አይቀዳም። መጀመሪያ የውሃውን ልክ ይለካል። ጫፉ ውሃ ሲነካ የሚጮህ ሜትር ወደ ውስጥ ይለቃል፤ ሲጮህ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ያለውን ቁጥር ያነባል። ቀጥሎ ቧንቧው ውስጥ የቆመውን ውሃ ያወጣል፤ የቆመ ውሃ የከርሰ ምድሩን እውነተኛ መልክ አያሳይም። ሙቀቱ፣ ፒኤች የሚባለው የአሲድነት ልኩና ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ መለዋወጥ ሲያቆሙ ያኔ ይቀዳል። እነዚህ ሦስቱ እዚያው ቦታው ላይ ነው የሚለኩት። ፒኤች ላቦራቶሪ እስኪደርስ ይቀየራል።

ለብረታ ብረት የሚወሰደው ጠርሙስ ለብቻው ነው። የተሟሟውን ለመለካት ውሃው ቀዳዳው 0.45 ማይክሮን በሆነ ማጣሪያ ያልፍና ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል። አለበለዚያ ብረታ ብረቱ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ላቦራቶሪውም «ንጹህ ነው» ይላል። ጠርሙሶቹ በረዶ ባለበት ሳጥን ይገባሉ። ስም፣ ቦታ፣ ቀንና ሰዓት እዚያው ይጻፋል።

ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ከዚያው ውሃ በሁለት ጠርሙስ ተቀድቶ ሁለተኛው እናንተ ወደመረጣችሁት ላቦራቶሪ ይሂድ። ሁለተኛ፣ ላቦራቶሪው መለካት የሚችለው ትንሹ መጠን ስንት ነው? ለአርሰኒክ የተቀመጠው የመጠጥ ውሃ ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። መሣሪያው ከ50 በታች ማየት ካልቻለ «አልተገኘም» የሚለው ውጤት ምንም አልነገራችሁም።

ተረፈ ድንጋዩ ውሃውን አሲድ ያደርገዋል ይባላል። ይህ እንዴት ይሆናል? አስቀድሞስ ይታወቃል?

ነገሩ የሚጀምረው ፓይራይት ከሚባል ማዕድን ነው፤ ወርቅ የሚመስል፣ ብረትና ሰልፈር ያለበት። መሬት ስር አየር ሳያገኘው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ተቆፍሮ ወጥቶ ኦክስጅንና ውሃ ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድ ይሠራል። ይህን ሥራ የሚያፋጥኑ ባክቴሪያዎችም አሉ። አሲዱ ደግሞ በዙሪያው ካለው ድንጋይ መዳብ፣ ዚንክ፣ ካድሚየም፣ አሉሚኒየም እያሟሟ ይዞ ይሄዳል። ውሃው ሄዶ ከንጹህ ወንዝ ጋር ሲቀላቀል ብረቱ ይዘቅጥና የወንዙን ድንጋዮች ብርቱካናማ ቅባት የተቀቡ ያስመስላቸዋል። ድንጋዩን ብታነሱት ከስሩ ይኖሩ የነበሩ ትናንሽ ነፍሳት የሉም።

አንዴ ከጀመረ ማቆም በጣም ከባድ ነው። በስፔን ያለው ሪዮ ቲንቶ ወንዝ አካባቢው ለ5,000 ዓመት ያህል ማዕድን ሲወጣበት የኖረ ነው። ወንዙ ዛሬም ቀይና አሲዳማ ነው።

አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ጊዜና በቂ ናሙና ካለ። የመጀመሪያው ምርመራ ሂሳብ ነው። በድንጋዩ ውስጥ አሲድ የሚያመነጨው ስንት ነው፣ አሲድ የሚያበርደው (እንደ ኖራ ድንጋይ ያለው) ስንት ነው? በ1 ቶን ድንጋይ ውስጥ 1 በመቶ የሰልፋይድ ሰልፈር ካለ የሚያመነጨውን አሲድ ለማብረድ 31.25 ኪሎ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ያስፈልጋል። የሚያበርደው ከሚያመነጨው ካነሰ ችግር አለ። በእጥፍና ከዚያ በላይ ከበለጠ ነገሩ ይሻላል። መሃል ላይ ከሆነ ማንም እርግጠኛ መሆን አይችልም፤ ወደ ሁለተኛው ምርመራ መሄድ ግድ ነው።

ሁለተኛው ትዕግሥት ይጠይቃል። 1 ኪሎ ግራም የተፈጨ ድንጋይ ዕቃ ውስጥ ይደረግና በየሳምንቱ ደረቅ አየር፣ እርጥብ አየር፣ ከዚያ ውሃ እየተፈራረቀበት የሚወጣው ውሃ ይመረመራል። ቢያንስ 20 ሳምንት ይፈጃል። ብዙ ድንጋይ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ መቀጠል አለበት። ምክንያቱም የሚያበርደው ክፍል አልቆ አሲዱ ብቅ እስኪል ብዙ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። በ20ኛው ሳምንት ጥሩ የነበረ ናሙና በ60ኛው ሊበላሽ ይችላል። እውነተኛው ክምር ላይ ደግሞ ይህ መዘግየት ዓመታት፣ አልፎም አሥርተ ዓመታት ሊሆን ይችላል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል።

ስንት ናሙና እንደተመረመረም ተመልከቱ። 100 ሚሊዮን ቶን ተረፈ ድንጋይ በ12 ናሙና አይወከልም።

አሲድ ከሌለ ስጋት የለም ማለት ነው?

አይደለም። አርሰኒክ፣ አንቲመኒ፣ ሴሊኒየምና ሰልፌት አሲድ ባልሆነ ውሃ ውስጥም ይሟሟሉ። «ድንጋዩ አሲድ አያመነጭም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሪፖርቱ ላይ ካያችሁ ቀጥላችሁ ስለ እነዚህ ጠይቁ።

ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ጣዕሙም አልተቀየረም። ምን አስጨነቀን? አፍልተን ብንጠጣስ?

አርሰኒክ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። እርሳስም እንደዚያው። አሲዳማ የማዕድን ውሃ እንዲያውም ከመጠን በላይ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ዋቅላሚና ሌላ ነፍስ ያለው ነገር ስለማይኖርበት ነው።

ማፍላት ተህዋስያንን ይገድላል። ብረታ ብረትንና ናይትሬትን ግን አያስወግድም። ውሃው ሲተን የቀረው ውስጥ መጠናቸው ይበልጣል። ይህን ለሰው ንገሩልኝ፤ «አፍሉትና ጠጡት» የሚል ምክር በየቦታው እሰማለሁ።

ስለ ዝቃጭ ግድብስ?

ማዕድኑ ተለይቶ ከወጣ በኋላ የሚቀረው የተፈጨ ድንጋይ ከውሃና ከኬሚካል ጋር ተቀላቅሎ ትልቅ ግድብ ውስጥ ይጠራቀማል። ስጋቱ ሁለት ነው፤ ቀስ ብሎ ወደ መሬት መስረግና በአንዴ መደርመስ።

ለመስረጉ ከስሩ ምን እንደተነጠፈ ጠይቁ። ሸክላ ነው? ፕላስቲክ ነው? ሁለቱም? ፍጹም የማያሰርግ ንጣፍ ስለሌለ የሰረገውን የሚይዝ ቦይና ከግድቡ በታች የመከታተያ ጉድጓድ መኖር አለበት።

ለመደርመሱ ግን አብረን አንድ ሂሳብ እንሥራ። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲወርድ 1,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። የግድቡ ስፋት 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆንና በአንድ ከባድ ዝናብ 100 ሚሊሜትር ቢወርድ፣ 100,000 ሜትር ኩብ ውሃ በአንዴ ገባ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 2000 በሮማኒያ ባያ ማሬ የሆነውን እዩ። በበረዶ መቅለጥና በዝናብ የሞላ የወርቅ ዝቃጭ ግድብ ተሸንቁሮ ወደ 100,000 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ሳያናይድ (ወርቅ ለመለየት የሚያገለግል መርዝ) ያለበት ውሃ ለቀቀ። ውሃው ወደ ሃንጋሪ ተሻግሮ በቲሳ ወንዝ ላይ እጅግ ብዙ ዓሣ ገደለ፤ እስከ ዳንዩብ ደረሰ። ሳያናይድ በፀሐይ ብርሃንና በአየር ከጊዜ ጋር ይፈራርሳል። ዓሣን ለመግደል ግን ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በ2019 በብራዚል ብሩማዲንሆ የተደረመሰው ግድብ 270 ሰው ገድሏል። ከዚያ በኋላ በ2020 ዓለም አቀፍ የዝቃጭ አያያዝ መስፈርት ወጥቷል። ኩባንያው ይህን መስፈርት ተቀብሏል ወይ ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ግድቡ ቢሰበር ውሃው በስንት ደቂቃ የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታም ጠይቁ። ካርታው ላይ ያለው የመጀመሪያ ቤት የማን ነው? ያ ሰው ያውቃል?

የኮምፒውተር ሞዴል ይታመናል?

ሞዴል ውሃው ወደፊት ምን እንደሚሆን በኮምፒውተር የሚያሰላ መሣሪያ ነው፤ የሚሰጠው መልስ ከገባበት መረጃ አይሻልም። በቅን ልቦና የተሠራም ሊሳሳት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት በ25 የማዕድን ሥራዎች ላይ ከቁፋሮ በፊት የተተነበየውን በኋላ ከሆነው ጋር አነጻጽሮ ነበር። በ19ኙ፣ ማለትም በ76 በመቶው፣ የውሃው ጥራት ከተፈቀደው ደረጃ ወጥቶ ተገኝቷል። ከፈቃድ በፊት የተጻፉት ሰነዶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በመከላከያዎቹ ተማምነው ችግር አይደርስም ያሉ ነበሩ።

ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጥ ሞዴል አትቀበሉ። «ወደ ማዕድኑ ጉድጓድ በየቀኑ 2,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይገባል» ሳይሆን «በጥሩው ሁኔታ ይህን ያህል፣ በመጥፎው ያን ያህል» ነው መባል ያለበት። ሞዴሉ ያለፈውን ማሳየት ይችላል ወይ? የሚታወቀውን ያለፈ ዓመት የውሃ ልክ አስልቶ ካላገኘው የመጪውን 20 ዓመት አምነን አንሰጠውም። በየዓመቱ ከአዲስ ልኬት ጋር ተያይዞ የሚስተካከል መሆኑም በፈቃዱ ውስጥ ይጻፍ።

ሪፖርቱ 800 ገጽ ነው። ከየት ልጀምር?

ከማጠቃለያው አትጀምሩ። ከካርታዎቹ ጀምሩ። የእናንተ ምንጭ ካርታው ላይ አለ? ስሙ በትክክል ተጽፏል? ከዚያ ናሙና የተወሰደባቸውን ቀኖች እዩ፤ የበጋ ቀን አለበት? ከዚያ «ተጽዕኖው አነስተኛ ነው» የሚለው ቃል በየት በየት እንደተጻፈ ፈልጉ። «አነስተኛ» በቁጥር ካልተተረጎመ ባዶ ቃል ነው። በመጨረሻ በዚያው ተፋሰስ ያሉ ሌሎች ውሃ ተጠቃሚዎች፣ ሌላ ማዕድን ወይም መስኖ፣ አብረው ተደምረዋል ወይ? እያንዳንዱ ለብቻው «ትንሽ» ሲሆን ድምሩ ወንዙን ይጨርሰዋል።

«ችግር ከተፈጠረ ውሃውን እናክማለን» ተብለናል። ይበቃል?

ማከም ይቻላል። የተለመደው ዘዴ ኖራ መጨመር ነው፤ አሲዱ ይበርዳል፣ ብረታ ብረቱ ይዘቅጣል። ግን ማከሚያው በየቀኑ ኖራ፣ ኤሌክትሪክና ሰው ይፈልጋል። የሚዘቅጠው ጭቃም ቦታ ይፈልጋል። ሰልፌትን በዚህ መንገድ በደንብ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄው «ለስንት ዓመት? በማን ገንዘብ?» ነው። አንዳንድ ቦታ መልሱ «ማብቂያው አይታወቅም» ሆኗል። ገንዘቡ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት በዋስትና ካልተቀመጠ፣ ኩባንያው ቢከስር ሂሳቡ የሚወድቀው ሕዝቡ ላይ ነው።

የምትክ ውሃ ቃል ከተገባላችሁም በዝርዝር ይጻፍ። ለአንድ ሰው በቀን ስንት ሊትር፣ ለከብቱስ፣ ጉድጓዱ በደረቀ በስንት ሰዓት ውስጥ? «በቦቴ እናቀርባለን» የሚል ቃል ቦቴው ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ካልተናገረ ጎዶሎ ነው።

ማዕድኑ ሲዘጋ ነገሩ ያበቃል?

ብዙ ጊዜ ያኔ ነው የሚጀምረው። በአሜሪካ ሞንታና፣ ቢዩት ከተማ ያለው በርክሊ የሚባል የመዳብ ጉድጓድ ይህን በደንብ ያሳያል። ፓምፖቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ቆሙ። ውሃው ቀስ በቀስ ሞላ፤ አሲዳማና ብረታ ብረት የበዛበት ሐይቅ ሆነ። በ1995 ሐይቁ ላይ ያረፉ 342 ነጭ የዱር ዝይዎች ሞተው ተገኙ። ውሃው ወደ አካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ እንዳይዘልቅ ከ2019 ጀምሮ እየተሳበ ይታከማል። መዳቡ ከዚያ ጉድጓድ መውጣት ካቆመ ግን ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል።

በደረቅ አገር ደግሞ የሚቀረው ሐይቅ በትነት ብቻ የከርሰ ምድሩን ውሃ እየሳበ ይኖራል። ስለዚህ የመዝጊያው ዕቅድ ከመክፈቻው ፈቃድ ጋር አብሮ መቅረብ አለበት።

ጉድጓዳችን ቀንሷል ወይም ተበክሏል ብለን ብንጠረጥር መጀመሪያ ምን እናድርግ?

ይህ የሚሠራው ቀድማችሁ መመዝገብ ከጀመራችሁ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ባለሙያ አያስፈልግም። ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበትና በየሜትሩ ምልክት ያለው ገመድ ይበቃል። በጉድጓዱ ጠርዝ ላይ በቀለም አንድ ነጥብ አድርጉና ሁልጊዜ ከዚያች ነጥብ ለኩ። ጠዋት፣ ማንም ሳይቀዳ። በወር ሁለቴ፣ ደብተር ላይ፣ ከቀኑና ከዝናቡ ሁኔታ ጋር። ለምንጭ ደግሞ የታወቀ ልክ ያለው ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ መመዝገብ ይበቃል። ፒኤችና ኤሌክትሪክ ማስተላለፍን የሚለካ ትንሽ የእጅ መሣሪያ ከተገኘ የበለጠ ጥሩ ነው። የማስተላለፍ አቅሙ በድንገት ከፍ ካለ አንድ የተሟሟ ነገር ገብቷል ማለት ነው፤ ምንነቱን ላቦራቶሪ ይንገራችሁ።

ጥርጣሬው ሲመጣ መጀመሪያ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እናቶች ከሌላ ውሃ ይጠጡ። ከዚያ የዚያን ቀን ልኬት መዝግቡ፣ ፎቶ አንሱ፣ ለኩባንያውና ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አሳውቁ፤ ደብዳቤው የተቀበለው ሰው ፊርማና ቀን ይኑርበት። ኩባንያው በዚያ ወር በየቀኑ ስንት ውሃ እንደሳበ የሚያሳየውን የፓምፕ መዝገብ ጠይቁ፤ ከእናንተ ደብተር ጎን ሲቀመጥ ብዙ ይናገራል። ጎረቤት መንደር ያሉ፣ ከማዕድኑ የራቁ ጉድጓዶችም ቀንሰው ከሆነ ምክንያቱ ድርቅ ሊሆን ይችላልና እነሱንም ለኩ። የውሃ ናሙናው ግን በዚያው ዕለት፣ በሁለት ጠርሙስ ይወሰድ። ዝናብ ከዘነበ በኋላ የሚቀዳው ውሃ የዛሬውን ችግር ላያሳይ ይችላል።